ከጎሮ ጎተራ እስከ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፤ የእርሻ ሹማምንት የኢንተርኔትን ነገር መማር የሚገባቸው ስለ ምንድር ነው

በአዲስ አበባ ከተማ ምሥራቃዊ ዳርቻ ጎሮ የሚባል ሥፍራ አለ። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት አካባቢው የሚታረስ መሬት ነበረ፤ ዛሬ ግን ቤትና መንገድ ሞልቶበታል። በዚሁ ሥፍራ መንግሥት ለኢንፎርሜሽንና ለመገናኛ ቴክኖሎጂ ሥራ ብሎ የከለለው፣ ስፋቱ 200 ሄክታር ያህል የሆነ፣ አይ.ሲ.ቲ. ፓርክ የሚባለው ግቢ ይገኛል። በግቢውም ውስጥ ራክሲዮና ዊንጉ የሚባሉ ኩባንያዎች የዳታ ማዕከል አቁመዋል።

የዳታ ማዕከል ማለት ምን እንደ ሆነ ለእርሻ ሰው ማስረዳት ከባድ አይደለም፤ ጎተራ ነውና። ገበሬ እህሉን ከእርጥበት፣ ከነቀዝና ከአይጥ ለመጠበቅ ጎተራውን ከመሬት ከፍ አድርጎ ይሠራል፤ ይመርጋል፤ ይከድናል። የዳታ ማዕከልም እንደዚሁ የብዙ መሥሪያ ቤትና የብዙ ነጋዴ መዝገብ ያለባቸውን ሰርቨር የሚባሉ መኪናዎች ከሙቀት፣ ከእሳት፣ ከሌባና ከመብራት መቋረጥ የሚጠብቅ ቤት ነው። መብራት ሲጠፋ ባትሪውና ጄኔሬተሩ ይተካሉ፤ ሙቀት ሲበዛ ማቀዝቀዣው ይሠራል። የአንድ ሰዓት መቋረጥ የሺሕ ሰው ሥራ ያስታጉላልና ጥበቃው ሌሊትና ቀን አይለይም።

እንግዲህ በጎሮ ያለው ጎተራ በጎጃም ወይም በወሎ ላለ የእርሻ ሹም ምን ያገባዋል የሚል ቢኖር፣ መልሱ እነሆ። ዛሬ የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ፍላጎት፣ የገበሬው ስምና የማሳው ስፋት፣ የብድሩም ሒሳብ ከወረቀት መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር መዝገብ በመዛወር ላይ ነው። መዝገቡ በመስመር ይሄዳል፤ በሩቅ ቤት ይቀመጣል፤ ሲፈለግም በመስመር ይመለሳል። መስመሩን የማያውቅ ሹም መዝገቡን በሰው እጅ ጥሎ ተቀምጧል ማለት ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ የወረዳ ሹም የገበሬዎቹን የማዳበሪያ ጥያቄ በኢንተርኔት የሚልክበት የመጨረሻው ቀን ደረሰ እንበል። መስመሩ ተቋረጠ። ሹሙም ለዞኑ ስልክ ደወለ፤ ዞኑ ለክልሉ፤ ክልሉም ለቴሌ። ሁለት ቀን ካለፈ በኋላ ሠራተኛ መጥቶ ቢመረምር፣ የተበላሸው በዚያው ክፍል ውስጥ ያለው የራውተር መብራት ገመድ ሆኖ ተገኘ። ጥፋቱ ትንሽ ነበር፤ ጉዳቱ ግን ከጽሕፈት ቤቱ አልፎ በማሳው ላይ ይወድቃል፤ ዝናብ ለዘገየ ማዳበሪያ አይጠብቅምና። በእንዲህ ያለው ቀን የጎደለው ገንዘብ አይደለም፤ ዕውቀት ነው።

አገራችን ለዚህ ዓይነት ነገር አዲስ አይደለችም። የቴሌኮሙኒኬሽን ሥራ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1894 እንደ ተጀመረ ይነገራል፤ ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘውም የስልክ መስመር ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበረ። ኢንተርኔት ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ከዚያም በ1990ዎቹ አጋማሽ ወረዳኔት የሚባለው ሥራ ተነሥቶ፣ የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ ጽሕፈት ቤቶች በሳተላይትና በመስመር ተገናኝተው፣ ሹማምንት በየቦታቸው ሆነው ፊት ለፊት እየተያዩ እንዲነጋገሩ ተደረገ። ለገበሬውም በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት 8028 የተባለውን የስልክ ቁጥር አቁሞ፣ ገበሬ በሚሰማው ቋንቋ የእርሻ ምክር የሚያገኝበትን መንገድ ከፈተ። መሣሪያው ገብቷል፤ ዕውቀቱ ግን እንደ መሣሪያው ፈጥኖ አልገባም።

ስለዚህ ሹም በመጀመሪያ ሊማረው የሚገባው የመስመሩን መንገድ ነው። ከወረዳው የተላከ ቃል በመስታወት ክር፣ ይኸውም ፋይበር በሚባለው፣ ወይም በአንቴና ምሰሶ አማካይነት ወደ ትልልቁ መስመር ይገባል። አገራችን የባሕር በር የላትምና ወደ ውጭ የሚሄደው ቃል ወደ ጎረቤት አገሮች፣ በተለይም ወደ ጅቡቲና ወደ ኬንያ ተሻግሮ፣ ከዚያ በባሕር ወለል ላይ ከተዘረጋው ኬብል ጋር ይጋጠማል። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ ከተዘረጉት ኬብሎች ሦስቱ በተቆረጡ ጊዜ፣ በአፍሪካ፣ በእስያና በአውሮፓ መካከል የሚመላለሰው የኢንተርኔት ጉዞ ታውኮ ነበረ። ይህን የሚያውቅ ሹም የባሕሩን ጥፋት በወረዳው ሠራተኛ ላይ አያላክክም፤ የክፍሉንም ጥፋት በባሕሩ አያሳብብም።

ጥፋቱ ከወዴት እንደ ሆነ ለመለየት አራት ጥያቄ ይበቃል። በክፍሉ ያለው መሣሪያ መብራት አለውን? የጎረቤት መሥሪያ ቤት ወይም የእጅ ስልክ መስመር ይሠራልን? አንዱ ገጽ እንቢ ሲል ሌላው ገጽ ይከፈታልን? የአገር ውስጥ ገጽ እየተከፈተ የውጭው ብቻ ነው ወይ የቀረው? የመጀመሪያው ጥፋቱን በቤት ውስጥ፣ ሁለተኛው በአካባቢው መስመር፣ ሦስተኛው በተፈለገው ሰርቨር፣ አራተኛውም ከድንበር ውጭ እንዲፈለግ ያመለክታሉ። ይህን ለይቶ የሚያመለክት ሹም ጥገናውን በግማሽ አቃለለ ማለት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት የኢንተርኔት አስተዳደር ነው። ኢንተርኔት አንድ ገዥ የለውም፤ ሥራው ለብዙዎች ተከፋፍሏል። የስሞቹን ሥርዓት በዓለም ደረጃ የሚያስተባብረው አይካን የሚባለው ድርጅት ሲሆን፣ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ለአፍሪካ የሚደርሰውን የአድራሻ ቁጥር የሚያድለው አፍሪኒክ ሲሆን፣ መቀመጫው በሞሪሺየስ ደሴት ነው። የቀድሞው አድራሻ በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ስለ ሆነና ለዓለም ሕዝብ ስላልበቃ፣ እጅግ የሰፋ አዲስ የአድራሻ ሥርዓት ወጥቷል። የአገራችን ምልክት የሆነው «ነጥብ ኢት» ደግሞ በኢትዮ ቴሌኮም እጅ ይተዳደራል። መንግሥታት፣ ነጋዴዎች፣ መምህራንና የሕዝብ ማኅበራት በአንድነት የሚመክሩበት የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤም ከኅዳር 19 እስከ 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተደርጓል። የዓለም ምክር እደጃችን ድረስ መጥቶ ሳለ የምክሩን ቋንቋ ሳናውቅ መቅረት አይገባንም።

በአገር ውስጥም ሕግ አለ። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቋቁሟል፤ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃድ አግኝቶ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራውን በይፋ ጀምሯል። ስለዚህም ለመሥሪያ ቤቱ መስመር የሚዋዋል ሹም፣ ዋጋና ፍጥነት አነጻጽሮ፣ መስመሩ ሲቋረጥ በስንት ሰዓት እንደሚጠገን በውሉ ውስጥ ማስጻፍ ይገባዋል። ይህን የሚያስጽፈው ግን ምን እንደሚጠይቅ የተማረ ብቻ ነው። «ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» እንዲሉ።

ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው የገበሬው አደራ ነው። ገበሬ ስሙን፣ የማሳውን ስፋት፣ የስልኩን ቁጥርና የዕዳውን ልክ ለሹም ሲሰጥ፣ መንግሥትን አምኖ የሰጠው አደራ ነው። አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ እንዲጠበቅ ደንግጓል። ሆኖም የሺሕ ሰው ስም ያለበትን ዝርዝር በግል ቴሌግራም መላክ፣ ለብዙ ሠራተኛ አንድ የይለፍ ቃል መስጠት፣ ሠራተኛም ሲዛወር የይለፍ ቃሉን ሳይለውጡ መተው ቀላል ነገር ሊመስል ይችላል። ቀላል ግን አይደለም። ዝርዝሩ በአታላይ እጅ ቢወድቅ፣ ያ ሰው ለገበሬው በስሙ ጠርቶ ደውሎ፣ ዕዳውን ቈጥሮ ነግሮት፣ ገንዘቡን ሊያታልለው ይችላል። ገበሬም አንድ ጊዜ ከተታለለ በኋላ፣ ዳግመኛ ሹም መጥቶ ሲጠይቀው የማሳውን ስፋት በእውነት አይነግረውም፤ የቈጠራችን ሥራ ሁሉ ከዚያ ወዲያ ሐሰት ይሆናል።

ስለ መዝጋትም አንድ ቃል መናገር ያስፈልጋል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበረ። ጊዜው የክረምት እርሻ የሚፋጠንበት ወር ነው። መንግሥት ለጸጥታ ብሎ የሚወስደው እርምጃ ቢኖር፣ በሌላ ወገን ስንት ሥራ እንደሚቆም አመዛዝኖ የሚነግር ሹም ያስፈልጋል፤ ባንኩ፣ ነጋዴውና ዘር አቅራቢው ሁሉ በዚያው መስመር ላይ ናቸውና። አስተዳደርን መማር ማለት በሩን መክፈትና መዝጋት ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ይህን ትምህርት ለማግኘት ዛሬ ሥራን ትቶ አዲስ አበባ ድረስ መምጣት ግድ አይደለም፤ በራሱ በኢንተርኔት ይሰጣልና። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር ሆኖ «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተባለውን ነጻ ትምህርት ከፍቷል። ይህ ስለ ፕሮግራም ጽሕፈት፣ ስለ ዳታና ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያስተምራል፤ ለመጀመሪያ በር መልካም ነው። ስለ መስመሩና ስለ አስተዳደሩ ግን የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አካዳሚ፣ አይካን፣ አፍሪኒክና ኢንተርኔት ሶሳይቲ የሚባለው ማኅበር በኢንተርኔት የሚሰጧቸው ትምህርቶች አሉ፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ክፍያ የላቸውም። የአገር ሹማምንት እነዚህን ከማያውቁ ይልቅ ጊዜ ካጡ ይበዛሉ። ስለዚህ የሚከተለውን ምክር እናቀርባለን።

1ኛ፤ ጊዜው ይወሰን። በሳምንት ሁለት ሰዓት ለትምህርት ተለይቶ በሥራ ሰዓት ውስጥ ይያዝ። አለቃው ራሱ ካልተቀመጠ ጸሓፊው አይቀመጥም።

2ኛ፤ ወቅቱ ይመረጥ። መኸር ተሰብስቦ ከተወቃ በኋላ፣ ከጥምቀት እስከ ፋሲካ ያለው ጊዜ ለብዙ ወረዳ የተመቸ ነው። በልግ በሚዘራበት አገር ግን ወቅቱ ሌላ ይሁን። በሰኔና በሐምሌ የእርሻ ሹም ቦታው ማሳው ነው።

3ኛ፤ በአንድነት ይማሩ። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ስለሚሰጥ ብቻውን የሚጀምር ቶሎ ይተወዋል። በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ከመምህሩ የሰማውን ከባልንጀራው ጋር ሆኖ እንደሚቀጽል፣ አንዱ እያነበበ ሌላው በአማርኛ ወይም በአገሩ ቋንቋ ይተርጉም፤ ሦስተኛውም ከወረዳው ምሳሌ ያምጣ።

4ኛ፤ ለመብራትና ለመስመር መቋረጥ ይዘጋጁ። መስመሩ ደኅና በሆነበት ሰዓት ትምህርቱን አውርደው ያስቀምጡ፤ መቋረጥ ለመተው ምክንያት አይሁን።

5ኛ፤ የተማሩትን በሥራ ያሳዩ። የምስክር ወረቀት በግድግዳ ላይ መስቀል ብቻውን ለገበሬው ምንም አይጠቅመውም። ትምህርቱን የፈጸመ ሹም በወሩ ውስጥ ሦስት ነገር ያቅርብ፤ የመሥሪያ ቤቱን መስመር ከራውተሩ ጀምሮ የሚያሳይ ሥዕል፤ መስመር የተቋረጠበት ቀንና ሰዓት፣ የተነገረው ሰውና የተጠገነበት ጊዜ የሚጻፍበት መዝገብ፤ እንዲሁም የገበሬውን ዝርዝር ማን ማን እንደሚያይ የሚወስን ደንብ።

ትምህርት ብቻውን የአንቴና ምሰሶ አያቆምም፤ መብራትም ወደሌለበት ቀበሌ መብራት አያስገባም። ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ምሰሶው ሲቆም የሚጠብቀው፣ መብራቱም ሲገባ የሚሠራበት ሰው ከወዲሁ ካልተዘጋጀ፣ የወጣው ገንዘብ አለቦታው እንደ ተዘራ ዘር ይሆናል። የመቋረጡን መዝገብ የያዘ ወረዳም ምሰሶና መስመር ሲጠይቅ ማስረጃ ይዞ ይጠይቃል፤ ማስረጃ ያለው ጥያቄ ደግሞ ባዶውን ከመጣ አቤቱታ ይልቅ ይሰማል።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲሉ ስለ ኅብረት ነበር የተናገሩት። ዛሬ ድር የሚለው ቃል ለኢንተርኔትም ስም ሆኗል። በጎሮ ያለው ጎተራ ጠንካራ ነው፤ ጠባቂም አለው። የድሩ ሌላኛው ጫፍ ግን በእናንተ ጽሕፈት ቤት፣ በእናንተ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ያን ጫፍ የሚጠብቀውም የእናንተ ትጋት ነው። እንግዲህ ከመጪው ጥምቀት በኋላ ባለው የመጀመሪያ ሳምንት ሁለቱን ሰዓት ለዩና ጀምሩ።