ከጉለሌ ደን ለግልገል በለስ

ከግልገል በለስ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ ቢሮ፣ ሆስፒታል ወይም መርካቶ ነው። ግማሽ ቀን ከተረፈው ግን ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ጎራ ቢል እወዳለሁ። ይህ 705 ሄክታር ደን የከተማ ሀብት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በጋራ አቋቋሙት።

ለእኛ ለቆላ ሰዎች ብርዱ ይከብዳል፤ ጋቢ ይያዝ። በእግር መንገዱ ሽቅብ ሲወጡ ጽዱ፣ ቀጋው፣ አስታው ሁሉ ለዓይናችን እንግዳ ነው። እኔን ብዙ ያቆመኝ ግን አንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ ነበር። ግንዱ ተቆርጦ ሄዷል፤ ዙሪያውን ግን ጣት የሚያካክሉ ቀንበጦች ወጥተውበታል፣ ለጋ ቅጠላቸው አመድማ ሰማያዊ ነው። ጉቶው በሕይወት እስካለ ድረስ ባሕር ዛፍ ቢቆርጡት ይመለሳል። በባሕር ዛፉ ቦታ አገር በቀሉን ደን መልሶ ማምጣት ማለት እንግዲህ እያንዳንዱን ጉቶ ዓመት ከዓመት መከታተል ነው።

ባሕር ዛፉን አልረግመውም። በምኒልክ ዘመን አዲሲቷ ከተማ ዙሪያዋን ያለውን እንጨት ለማገዶና ለቤት ስትጨርስ የደረሰላት እሱ ነው። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችም ልጅ ያሳደጉበት ነው። ቢሆንም የጠፋን ደን መመለስ ምን ያህል አድካሚ እንደሆነ ያ ጉቶ አሳይቶኛል። ያለውን መጠበቅ ይቀላል።

የእኛ ሀብት ሸመል ነው፤ ክልላችን በቆላ ቀርከሃ በአገር የታወቀ ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ሲሆን የእኛ ሸመል ሲቆረጥ ድፍን ነው ማለት ይቻላል፤ ለጎጆም ለአጥርም የሚመረጠው ለዚህ ነው። ጉሙዞች ለጋ ቡቃያውን ይመገቡታል። ሸመል ታዲያ አንድ ጠባይ አለው፤ ለአሥርት ዓመታት ቆይቶ በአንድነት ያብባል፣ ያፈራል፣ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ ተስፋው መሬት ላይ የወደቀው ዘር ብቻ ነው። ችግኙ ሲበቅል ሣር ይመስላል፤ በዚያ ጊዜ እሳት ካገኘው፣ ከብት ከረገጠው ወይም ማረሻ ከገባበት ደኑ አለቀ።

ደን ሲያልቅ በበለስ ሸለቆ አይተናል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ለሰፈራ ብዙ ጫካ ተመነጠረ። የተራበ ሰው መትረፍ ነበረበት፤ የተመነጠረው ግን የጉሙዝ ማርና አደን፣ መድኃኒትና ምግብም ነበር።

ስለዚህ ግልገል በለስ ከዳርቻዋ ካለው ጫካ ጥቂቱን የከተማ ሀብት ብላ ትከልል። ዞናችን መተከል ባለፉት ዓመታት ብዙ ሐዘን አይቷል፤ ጫካ መግባት የሚያስፈራው ሰው ዛሬም አለ። የእግር መንገዱ መጀመሪያ አጭር ይሁን፣ ከተማው አጠገብ፣ ተማሪም አሮጊትም ሳይሰጉ የሚመላለሱበት። ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያክም የሚያውቁ የጉሙዝ ሽማግሌዎች ክፍያ እያገኙ ጎብኚውን ይምሩ። የዛፎቹ ስም በጉሙዝኛ፣ በሺናሽኛ፣ በአገውኛና በአማርኛ ይጻፍ። ከሁሉ በፊት ግን በወሰኑ ዙሪያ እሳት የማያሻግር መስመር ይጠረግ፤ እሱም ሣሩ ሳይደርቅ መሆን አለበት።