ማርሚታው ያበራል፤ ውስጡን ለቄስ

ሞተር ሳይክል ሊገዛ የመጣ ሰው ዓይኑ ማርሚታው ላይ ማረፉ አይቀርም። ፊቱን እንደ መስታወት ካሳየው በጣቱ ቆርቆር አድርጎ ይረካል። እኔ ብሆን ጎንበስ ብዬ ሆዱን ነው የማየው፤ ማርሚታን የሚበላው ዝገት ብዙውን ጊዜ የሚነሳው ከውስጥ ነውና።

ጠንቁ ቤንዚኑ ነው። ቤንዚን ሲነድ በውስጡ ያለው ሃይድሮጂን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ውሃ ይሆናል። መጠኑ ያስገርማል፦ 1 ሊትር ቤንዚን ተቃጥሎ 1 ሊትር ያህል ውሃ ይወጣዋል! ረጅም መንገድ የሚሄድ ሞተር ማርሚታው ስለሚግል ውሃው በእንፋሎት መልክ ተኖ ያልቃል። ዳቦ ቤት ደርሶ የሚመለሰው ግን ቱቦው በቅጡ ሳይግል ይጠፋል፤ እንፋሎቱም ውሃ ሆኖ እዚያው ይተኛል። በቤንዚኑ ውስጥ ያለችው ጥቂት ድኝ ደግሞ ውሃውን አሲዳማ ታደርገዋለች። አንዳንድ ፋብሪካዎች ከማርሚታው ሥር ትንሽ ቀዳዳ የሚተዉት ይህ ውሃ እንዲንጠባጠብ ነው። ተበሳብኝ ብሎ የሚያስበይድ አይጠፋም።

በክሮም የተለበጠ ማርሚታ ሥጋው ተራ ብረት ነው። የሚያበራው የክሮም ንብርብር አብዛኛውን ጊዜ 1 ማይክሮን እንኳ አይሞላም፤ የራስ ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ይጠጋል። ክሮሙ በዓይን የማይታዩ ስንጥቆች ስላሉት ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው በዋናነት ከሥሩ ያለው ወፈር ያለ ኒኬል ነው። ሠሪው በኒኬሉ ቢሰስት ሱቅ ውስጥ አይታወቅበትም፤ ክረምት ሲመጣ ቡናማ ነጠብጣቡ ያሳብቅበታል። የቱቦው የውስጥ ግድግዳ ደግሞ ልባጡ እምብዛም አይደርሰውም።

ስቴንለስ ስቲል ከዚህ ይለያል። ቢያንስ 10.5 በመቶ የሚሆነው ክሮሚየም ከብረቱ ጋር አብሮ የቀለጠ ስለሆነ ውስጡም ውጪውም አንድ ነው። ቢጫር እንኳ አየር ሲነካው ስስ መከላከያ ሽፋኑን መልሶ ያበጃል። «ማግኔት ከሳበው ስቴንለስ አይደለም» የሚለው የገበያ ፈተና ግን ያሳስታል። 18 በመቶ ክሮሚየምና 8 በመቶ ኒኬል ያለውን 304 የተባለውን ዓይነት ማግኔት እምብዛም አይስበውም። ለጭስ ማውጫ በብዛት የሚውለውን፣ 11 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ያለውን 409ን ግን ይስበዋል፤ እሱም ስቴንለስ ነው።

ከሞተሩ አጠገብ ያለው ቱቦ ወርቃማ ከዚያም ሰማያዊ ሲሆን «ተቃጠለ» ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም። ሙቀቱ የኦክሳይድ ሽፋኑን ስላወፈረው፣ ውሃ ላይ እንደ ፈሰሰ ዘይት ብርሃኑን ይከፋፍለዋል።

ጥራት ከሁሉ በላይ የሚለየው ብየዳው ላይ ነው። ስቴንለስ ሲበየድ በቱቦው ውስጥ አርጎን ጋዝ ካልተሞላ፣ የመገጣጠሚያው ጀርባ የተቃጠለ ስኳር መስሎ ይቋጠራል፤ ዝገቱም ስንጥቁም ከዚያ ይጀምራል። ከውጪ ያማረ ብየዳ ይህን አይናገርም። ቱቦው ከመገጠሙ በፊት ጣትን በአፉ አስገብቶ መዳበስ ነው፤ ተፈትቶ ከሆነ ደግሞ እንግዲህ ከቀዘቀዘ በኋላ።