ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን ስለ ማስታመም

በደቡብ ጎንደር ምሥራቃዊ ክፍል የሚገኙት ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ደጋና ቆላ የተፈራረቁባቸው አገሮች ናቸው። በአንድ ወገን ከፍታው ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ ይታያል፤ በሌላው ወገን ምድሩ እየተቆራረጠ ወደ በሽሎና ወደ ዐባይ ሸለቆ ይወርዳል። ከወልድያ ተነሥቶ በንፋስ መውጫና በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወረታ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ብዙ መንደሮችን ያገናኛል። ይሁን እንጂ ከጎዳናው ርቀው፣ በገደልና በወንዝ ተለይተው የሚኖሩ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። ከእንደዚህ ያለው መንደር የታመመ ሕፃን አዝሎ ጤና ጣቢያ ለመድረስ የብዙ ሰዓት ጉዞ ሊያስፈልግ ይችላል። በክረምት ወንዙ ሲሞላ ደግሞ እስኪጎድል ድረስ መጠበቅ ግድ ይሆናል።

ስለዚህ በእነዚህ አገሮች አንድ ሕፃን ተቅማጥ ሲይዘው የመጀመሪያዋ አስታማሚ ነርስ ሳትሆን እናቱ፣ አያቱ ወይም ታላቅ እኅቱ ናት። ከእናንተም መካከል ታናሽ ወንድም ወይም ታናሽ እኅት ይዞ ቤት የሚጠብቅ ብዙ ነው። ቀጥሎ የምታነቡት ሐተታ ጤና ባለሙያ ዘንድ እስኪደረስ ድረስ በቤት ውስጥ ምን መደረግ እንዳለበትና ለምን እንደሚደረግ ያስረዳል።

ተቅማጥ የሚባለው ሰገራ ከወትሮው ቀጥኖ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ ሲወጣ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከተበከለ ውሃ፣ ከተበከለ ምግብና ካልታጠበ እጅ ጋር ወደ ሆድ በሚገቡ፣ በዓይን በማይታዩ ተሕዋስያን ምክንያት ነው። ሆኖም ሕፃኑን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ለሞት የሚያደርሰው ብዙውን ጊዜ ተሕዋሱ ራሱ አይደለም፤ ከሰገራውና ከትውከቱ ጋር ከሰውነቱ የሚወጣው ውሃና ጨው ነው። ክብደቱ 10 ኪሎ ግራም የሆነ ሕፃን አንድ ሊትር ያህል ውሃ ቢያጣ የክብደቱን አንድ ዐሥረኛ አጣ ማለት ነው፤ ይህም ሕይወቱን በብርቱ አደጋ ላይ ይጥላል። ለአንድ ጎልማሳ ያን ያህል የማያሳስበው የውሃ መጠን ለሕፃኑ የሞትና የሕይወት ጉዳይ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የቆየ አስተሳሰብ መመርመር ይገባናል። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸው ተቅማጥ ይዞት ባዩ ጊዜ ታላቅ እኅቱን፣ «ልጄ፣ ውሃ አትስጪው፤ በላይ በጠጣ ቁጥር በታች ይወጣል» ይሏት ይሆናል። አነጋገሩ ዓይን ያየውን የሚገልጽ ስለሆነ እውነት ይመስላል። ነገር ግን ከሥሩ የተሰነጠቀ እንስራ አስቡ። ውሃው ያንጠባጥባል ብለን ከላይ መጨመሩን ብናቆም ስንጥቁ አይደፈንም፤ እንስራው ብቻ ቶሎ ባዶ ይሆናል። እንስራውን ከባዶነት የሚያድነው የፈሰሰውን ያህል መልሶ መጨመር ነው። የሕፃኑም ነገር እንዲሁ ነው። ተቅማጥ በአብዛኛው በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል፤ የአስታማሚዋ ዋና ተግባር እስከዚያ ቀን ድረስ ውሃ እንዳያልቅበት መጠበቅ ነው። እንግዲህ የዚህ ሐተታ ፍሬ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊጠቃለል ይችላል፤ ይኸውም፣ ተቅማጥ ለያዘው ሕፃን የሚፈሰውን መተካት እንጂ መጠጥ መከልከል አይገባም የሚል ነው።

ለመተካት ግን ውሃ ብቻውን አይበቃም። በተቅማጥ ጊዜ አንጀት ውሃን እንደ ልብ መምጠጥ ያቅተዋል። ጨውና ስኳር በተወሰነ መጠን በውሃው ውስጥ ከተቀላቀሉ ግን ስኳሩ ጨውን ይዞ በአንጀቱ ግድግዳ በኩል ያልፋል፤ ውሃውም ጨውን ተከትሎ ወደ ሰውነት ይገባል። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ወይም ኦ.አር.ኤስ. የሚባለው፣ በአገራችን «ለምለም» በሚል ስም የታወቀው ዱቄት የተሠራው በዚህ መሠረት ነው።

የዚህ መድኃኒት ታሪክ ለእንደ ጋይንትና ስማዳ ላሉ አገሮች ትልቅ ትምህርት አለው። በ1960 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1968) በዳካ ከተማ የኮሌራ ምርምር ላቦራቶሪ የሚሠሩ ሐኪሞች፣ በኮሌራ የተያዙ ሰዎች የጨውና የስኳር ውሁድ በአፋቸው እየጠጡ የጠፋባቸውን ፈሳሽ ሊተኩ እንደሚችሉ አረጋገጡ። በ1963 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1971) በባንግላዴሽ ጦርነት ምክንያት ወደ ሕንድ በተሰደዱ ሰዎች መጠለያ ኮሌራ ገባ። በዚያ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ዲሊፕ ማሃላናቢስ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ባለቀባቸው ጊዜ ጨውና ስኳሩን እየመዘኑ አሽገው በውሃ እየተበጠበጠ እንዲሰጥ አደረጉ። ያጠጡ የነበሩት በአብዛኛው የበሽተኞቹ የገዛ ዘመዶች ነበሩ። በዚህም የሟቾቹ ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ። ሕይወትን ለማዳን የግድ መርፌና አልጋ እንደማያስፈልግ፣ እናትም በጽዋ ልታድን እንደምትችል ያን ጊዜ በተግባር ታየ።

አሁን ወደ አዘገጃጀቱ እንለፍ። በመጀመሪያ እጅን በሳሙና፣ ሳሙና ከሌለ በዐመድ በሚገባ መታጠብ ያስፈልጋል። ቀጥሎ በእሽጉ ላይ የተጻፈውን የውሃ መጠን ማንበብ ይገባል፤ አብዛኛው እሽግ የሚበጠበጠው በአንድ ሊትር ውሃ ነው። ለመለኪያ አንድ ሊትር የሚይዝ የታሸገ ውሃ ጠርሙስ ማጠብና መጠቀም ይቻላል። ፈልቶ የቀዘቀዘ ንጹሕ ውሃ በንጹሕ ዕቃ ውስጥ ከተለካ በኋላ ዱቄቱ በሙሉ ተጨምሮ እስኪሟሟ ድረስ ይማሰላል። ውሃው ቢያንስ ጨው ይበዛና ሕፃኑን ይጎዳዋል፤ ውሃው ቢበዛ ደግሞ ኃይሉ ይቀንሳል። ስኳር፣ ጨው ወይም ሌላ ነገር ፈጽሞ አይጨመርበትም። የተበጠበጠው ተከድኖ ይቀመጣል፤ 24 ሰዓት ካለፈው ይደፋል፤ አስፈላጊ ከሆነም ሌላ ይበጠበጣል።

አሰጣጡም ትዕግሥት ይጠይቃል። ዕድሜው ከሁለት ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን፣ ባስቀመጠው ቁጥር ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ከውሃ መጠጫ ብርጭቆ ሩብ እስከ ግማሽ ይሰጠዋል። ከሁለት ዓመት በላይ ለሆነው ከግማሽ እስከ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ይሰጠዋል። በአንድ ጊዜ ሳይሆን በማንኪያ ወይም በጽዋ ጥቂት በጥቂት ይጠጣ። ቢያስመልሰው ዐሥር ደቂቃ ያህል ታግሦ ከፊተኛው ይበልጥ በዝግታ መቀጠል ይገባል። የሚጠባ ልጅ ከወትሮው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ምግብ የጀመረ ልጅም ምግቡ አይከልከል፤ አጥሚት፣ ሾርባና የሩዝ ውሃ ይጠቅሙታል። ጣፋጭ የለስላሳ መጠጥና ስኳር የበዛበት ሻይ ግን ተቅማጡን ሊያብሱበት ይችላሉ።

ከዚህም ጋር የዚንክ እንክብል ይሰጣል፤ ተቅማጡ የሚቆይበትን ጊዜ ያሳጥራል፣ እንደገና የመያዝንም ዕድል ይቀንሳል። ከጤና ኬላ ወይም ከጤና ጣቢያ የሚገኘው ይህ እንክብል ዕድሜው ከስድስት ወር በታች ለሆነ ልጅ በቀን 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ በላይ እስከ አምስት ዓመት ላለ ልጅ በቀን 20 ሚሊ ግራም ነው። ተቅማጡ ቢቆምም ለዐሥር ቀን ሳይቋረጥ መሰጠት አለበት።

አስታማሚ የምትሰጥ ብቻ ሳትሆን የምትመለከትም ናት። የሕፃኑ ዓይን ወደ ውስጥ ቢገባ፣ ቢነጫነጭ፣ ጽዋውን እየተሻማ ቢጠጣ፣ የሆዱ ቆዳ ተቆንጥጦ ሲለቀቅ በዝግታ ቢመለስ የሰውነቱ ውሃ እየጎደለ ነው፤ እያጠጡ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ያስፈልጋል። ቢፈዝና ለመንቃት ቢያቅተው፣ መጠጣት ወይም መጥባት ቢሳነው፣ የሰጡትን ሁሉ ቢያስመልስ፣ ቢያንቀጠቅጠው፣ ወይም ሰገራው ደም ቢኖረው ለጥቂት ጊዜም ቢሆን መዘግየት አይገባም። ተቅማጡ 14 ቀን ከሞላውም እንዲሁ ለሐኪም መታየት አለበት። መንገድ ላይ መጠጣት እስከቻለ ድረስ ማጠጣቱ አይቋረጥ።

መደረግ የሌለባቸውም ነገሮች አሉ። ተቅማጡ የመጣው ከጥርስ ነው በማለት የሕፃኑን ድድ ሰንጥቆ ግግ ማውጣት፣ ወይም እንጥሉን መቁረጥ፣ በሆዱ ውስጥ ያለውን ተሕዋስ አያጠፋም፤ በአንጻሩ ደም ያፈስሰዋል፣ ቁስሉም ለመመርዝ ያጋልጠዋል። ከገበያ የተገዛ የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ወይም ሐኪም ያላዘዘው መድኃኒትም አይሰጠው። እንዲህ ያለውን ልማድ የሚመክሩ አረጋውያን ግን ሕፃኑን ስለሚወዱ እንጂ ስለሚጠሉ አይደለም። ስለዚህ «አያውቁም» ብሎ ከመናገር ይልቅ፣ «እማማ፣ የወጣውን እየተካንለት እንየው» ብሎ ጽዋውን ማንሣትና ውጤቱን ማሳየት ይበልጣል።

በሽታውን አስቀድሞ መከላከል ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ብቻ ማጥባት፣ ከመጸዳጃ ቤት መልስና ምግብ ከማዘጋጀት በፊት እጅን መታጠብ፣ ምንጭን ከጎርፍና ከከብት መከለል፣ የመጠጥ ውሃን ማፍላትና መክደን ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ብርቱ ተቅማጥ የሚያመጣውን ሮታ ቫይረስ የሚከላከለው ክትባትም ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን ለሕፃናት ይሰጣል፤ የሚጀመረውም በስድስተኛው ሳምንት ነው።

በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችንና የኅብረተሰብ ነርሶችን እያሠለጠነ ወደ ገጠር ማሰማራት ጀመረ። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ ሙያውን እስከ ቀበሌ አደረሰው። በዚያን ጊዜ ተመልምለው ለአንድ ዓመት ያህል የሠለጠኑት ወጣት ሴቶች 10ኛ ክፍልን ያጠናቀቁ ነበሩ። ይህንን ሥራ የጀመሩት እንግዲህ በትምህርት ደረጃ ከእናንተ እምብዛም የማይርቁ ወጣቶች ናቸው።

ይህንን ሐተታ አንብባችሁ ስትጨርሱ መጽሐፉን ዘግታችሁ፣ ማንበብ ለማይችሉ አንዲት እናት የለምለምን አዘገጃጀት በቃል እንደምትነግሩ አድርጋችሁ በቅደም ተከተል ጻፉ። መጠኑንና ጊዜውን ሳትዘሉ፣ በዐጫጭር ዐረፍተ ነገሮች ግለጹ። በሌላ ድርሰት አንድ ቃል ቢቀር የሚጎዳው ውበቱ ሊሆን ይችላል፤ በዚህኛው ግን «አንድ ሊትር» የሚለው ቃል ቢቀር የሚጎዳው ሕፃኑ ነው። ከጻፋችሁ በኋላም ወደ ቤታችሁ ሄዳችሁ ለእናቶቻችሁ አንብቡላቸው።