የመንደሩ የመጨረሻ ባንኮኒ

የእንግሊዝ ገጠር መጠጥ ቤት (ፐብ) የተጀመረው ከሴቶች ጓዳ ነው። በመካከለኛው ዘመን ኤል የሚባለውን የገብስ መጠጥ የጠመቀች ሴት፣ መጠጡ ሲደርስላት ጫፉ ላይ ቅጠል የታሰረበት ረጅም እንጨት ደጃፏ ላይ ታቆማለች። የተደፋ ጣሳ አይቶ ጠላ ቤት ለሚገባ ሰው ነገሩ እንግዳ አይደለም። ጥራቱንና መስፈሪያውን የሚመረምር ቀማሽም ይሾም ነበር። (ይህን ሹመት እምቢ የሚል ብዙ የነበረ አይመስለኝም።)

እ.ኤ.አ. በ1830 የወጣ ሕግ ደግሞ ግብር ከፋይ የሆነ ሁሉ 2 ጊኒ (የቀድሞ የእንግሊዝ ገንዘብ) ከፍሎ በገዛ ቤቱ ቢራ ጠምቆ እንዲሸጥ ፈቀደ። አንዱ ዓላማ ሕዝቡን ጂን ከሚባለው ጠንካራ አረቄ ማራቅ ነበር። በዚህም በሺዎች የሚቆጠሩ ሳሎኖች ቢራ ቤት ሆኑ።

የመንደሩ ሱቅም ከፐቡ የራቀ አልነበረም። ሻይ፣ ስኳር፣ ሻማና ላምባ ይሸጥ ነበር፤ በብዙ መንደር ፖስታ ቤቱም እዚያው ስለሆነ አዛውንቶች ጡረታቸውን የሚቀበሉት ከዚያው ባንኮኒ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የራሽን ደንበኛ በአንድ ባለሱቅ ዘንድ መመዝገብ ነበረበት፤ ራሽኑ ያበቃው በ1954 ነው። ከዚያም ብዙ ዕቃ አምራቹ በተመነው ዋጋ እንዲሸጥ የሚያስገድደው አሠራር በ1964 በሕግ ተሻረ፤ በጅምላ የሚገዛው ሱፐርማርኬት ዋጋ ሲሰብር የመንደሩ ሱቅ ሊከተለው አልቻለም። እኔ ግን ከሱፐርማርኬቱ ይልቅ የምወቅሰው መኪናን ነው፤ ከተማው ሩቅ ሳለ ርካሽ ዋጋው ለገጠሬው ምንም አልነበረም።

ፐቡ የተጎዳው በሌላ መንገድ ነው። ሰው ርካሽ ቢራ ከሱፐርማርኬት ገዝቶ ቤቱ መጠጣት ለመደ፤ በ2007 ደግሞ በፐብ ውስጥ ሲጋራ ማጨስ ተከለከለ። ከሁሉ የባሰው ግን ቤቱ ራሱ መወደዱ ነው፦ ባለቤቱ ቢራ ከመቅዳት ይልቅ ሕንፃውን ለመኖሪያ ቢሸጠው ያተርፋል። ዛሬ በእነዚህ መንደሮች የሚያልፍ ሰው በመኖሪያ ቤቶች በር ላይ «አሮጌው ፖስታ ቤት»፣ «አሮጌው ዳቦ ቤት» የሚል ያነባል።

በሰሜን ዮርክሻየር ያለችው ሀድስዌል ግን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። እኛ ከቢራ ጠርሙስ ላይ በምናውቀው ቅዱስ ጊዮርጊስና በዘንዶው የተሰየመው ፐቧ፣ «ጆርጅ ኤንድ ድራጎን»፣ በ2008 ተዘጋ። ነዋሪዎቹ አክሲዮን አዋጥተው በ2010 ገዙት፤ ውስጡ ቤተ መጻሕፍትና በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራ ትንሽ ሱቅ፣ ውጭው ላይ የአትክልት መደብ ጨመሩበት። የቢራ ወዳጆች ማኅበር የሆነው ካምራ የ2016 የአገሪቱ ምርጥ ፐብ ብሎ መረጠው።

በ2011 የወጣ ሕግ ሌሎችም መንደሮች እንዲህ እንዲሞክሩ መንገድ ከፈተ። ሕንፃው ለማኅበረሰቡ ጠቃሚ ተብሎ ከተመዘገበና ነዋሪዎቹ መግዛት እንፈልጋለን ካሉ፣ ለሽያጭ ሲቀርብ ገንዘብ የሚያሰባስቡበት 6 ወር እንዲሰጣቸው ደነገገ። ባለቤቱ ላይ ግን ለእነሱ የመሸጥ ግዴታ አልጣለም።