ተጣብቀው የተወለዱ ጣቶች፦ የሚባለውና እውነታው

አንዳንድ ሕፃናት ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ጣቶቻቸው በቆዳ፣ አልፎ አልፎም በአጥንት ተያይዘው ይወለዳሉ። ከ2,000 እስከ 2,500 ሕፃናት አንዱ ላይ የሚታይ ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያያዙት የመሐልና የቀለበት ጣት ናቸው።

እርግማን ነው፣ ቡዳ ነው፣ እናቲቱ በእርግዝናዋ ያደረገችው ነው ይባላል፤ እውነታው ግን ሌላ ነው። እጅ ማሕፀን ውስጥ በመጀመሪያ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ሆኖ ይበቅላል፤ እስከ 8ኛው ሳምንት ድረስ በጣቶች መካከል ያሉት ሴሎች ሲሞቱ ጣቶቹ ይለያያሉ። ይህ ሲጓደል ተያይዘው ይቀራሉ። ያኔ ብዙ እናቶች ማርገዛቸውን እንኳ ገና አላወቁም። አንዳንዱ በዘር የሚመጣ ነው፤ ከአባትም ሊወረስ ይችላል፣ ጣት የሚቀሰረው ግን እናት ላይ ብቻ ነው።

«ሲያድግ ይላቀቃል» የሚለውም ልክ አይደለም። ርዝመታቸው የማይመጣጠን ጣቶች፣ ለምሳሌ የቀለበትና ትንሿ ጣት፣ ሲያያዙ አጭሩ ረጅሙን እየጎተተ ያጣምመዋል። ስለዚህ እነዚህን ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ባለው ጊዜ መለየት ይመረጣል። የመሐልና የቀለበት ጣት እስከ 18 ወር ገደማ ሊቆዩ ይችላሉ። ዕድሜው ያለፈ ልጅም ቢሆን ይታከማል።

ከሁሉም አደገኛው «ቆዳ ብቻ ስለሆነ በምላጭ ይሰነጠቃል» ማለት ነው። በእያንዳንዱ ጣት ግራና ቀኝ ጎን የደም ስርና ነርቭ ያልፋል። ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ቆዳም ሲጠግ ይሰበሰብና ጣቱን ያጎብጣል። ሐኪሙ ዚግዛግ አድርጎ የሚቆርጠው ለዚህ ነው። ያለው ቆዳ ሁለት ጣት ለመሸፈን ስለማይበቃ ብዙ ጊዜ ከብሽሽት ወስዶ ይተክላል። ሦስት ጣቶች ከተያያዙ የመሐሉን ሁለቱንም ጎን በአንድ ቀን አይለይም፤ ጣቱ ደም ሊቋረጥበት ይችላልና። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ እጁ ከክርን በላይ ድረስ በጀሶ ይታሰራል፤ ሕፃን ፋሻውን መፍታት ይወዳልና። ጀሶው ውኃ ሊነካው አይገባም፤ ጠበል የሚወስድ ቤተሰብ ቁስሉ እስኪድን መጠበቅ አለበት።

«ሕክምናው ለባለ ገንዘብ ነው» የሚለው በከፊል እውነት ይመስላል፤ ሰሜን ወሎ ካለችው መርሳ አዲስ አበባ መመላለሱ ቀላል አይደለም። መንገዱ ግን በአቅራቢያው ካለ ጤና ጣቢያ ይጀምራል፤ ከዚያ ወልድያ፣ ካስፈለገም ደሴና አዲስ አበባ ሪፈር ይጻፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን አባል ያለ ሪፈር በቀጥታ ትልቅ ሆስፒታል ከሄደ ወጪው በራሱ ላይ ሊወድቅ ይችላል። አዲስ አበባ የሚገኘውና በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የአካል ጉዳት ላለባቸው ልጆች ቀዶ ሕክምና ይሰጣል።

ልጁ ሲያድግ በጣቶቹ መካከል ያለው ቆዳ እንደገና ወደ ላይ ሊሳብ፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምናም ሊያስፈልግ ስለሚችል፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላም የክትትል ቀጠሮ ይሰጣል።