የእንግዳ ቤትና የመሰብሰቢያ አዳራሽ፤ ድጋፉ ከየት ይመጣል?

ነቀምቴ የመንገዶች መገናኛ መሆኗ ለማንም የተሰወረ አይደለም። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ የመጣ መንገደኛ እዚህ ሲደርስ መንገዱ ይለያይበታል። አንዱ ወደ ጊምቢ፣ ነጆና መንዲ፣ ሌላው ወደ በደሌና ጅማ፣ ሦስተኛው ደግሞ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ቡሬ ይወስዳል። ስለዚህ ሕመምተኛ ይዞ የሚመጣው፣ ልጁን ለትምህርት የሚያደርሰው፣ ጉዳይ ለማስፈጸም የሚመላለሰው ሁሉ በዚህች ከተማ ያድራል። ገንዘብ ያለው ሆቴል ይይዛል። ዘመድ ያለው ዘመዱ ቤት ይገባል። ታዲያ ሁለቱም የሌለውስ?

ከሁለት ዓመት በፊት እናቴ ታናሽ ወንድሜን ልታስታምም ከጊምቢ ወዲያ ከሚገኘው ቀበሌያችን መጥታ ሦስት ሌሊት በረንዳ ላይ ጋቢዋን ለብሳ አድራለች። በአራተኛው ቀን አንዲት የማታውቃት ሴት «እንዴ እናቴ፣ ሰው ባለበት አገር ውጭ ይታደራል?» ብላ ወደ ቤቷ ወሰደቻት። የዚያች ሴት ደግነት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን የመንገደኛ ሁሉ ማደሪያ በአንድ ሴት ደግነት ላይ ሊመሠረት አይችልም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ሕዝብ በጋራ የሚሠራው የእንግዳ ማረፊያና መሰብሰቢያ ቤት እንዴት ድጋፍ እንደሚያገኝ በአጭሩ ማብራራት ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በአገራችን «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ብሎ ከደጅ የቆመን መንገደኛ መመለስ ነውር ነው። መሰብሰቡም ቢሆን የቆየ ነው። በሆሮ ጉዱሩ የሚገኘው ኦዳ ቡሉቅ ሕዝብ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሕግ ሲደነግግና ሲመክር የኖረበት ስፍራ ነው። የገዳ ሥርዓትም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። አዲስ የሚሆነው ቤቱ ብቻ ነው።

በሌላ አካባቢ የተሠራውን መመልከትም ይጠቅማል። በሰሜን ወሎ፣ በመቄት፣ ገበሬዎች ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በየመንደራቸው የእንግዳ ማረፊያ ጎጆዎች ሠርተው በእግር የሚጓዙ ጎብኚዎችን ሲያስተናግዱ ቆይተዋል። መነሻው ላይ ከውጭ እርዳታ አግኝተዋል። ይሁን እንጂ ጎጆው የመንደሩ ነው። ምግብ የሚያበስሉት፣ የሚጠብቁት፣ ጓዝ በአህያ የሚጭኑት የዚያው መንደር ሰዎች ናቸው። በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ፣ አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራምባ ማኅበረሰብም ለእንግዶቹ ማደሪያ፣ ለአቅመ ደካሞቹ መጦሪያ አዘጋጅቷል። እነዚህ ሰዎች ሀብታሞች አልነበሩም።

ለእኛ ለመምህራን ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሩቅ አገር ታሪክ ነው። በ1909 እ.ኤ.አ. ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ መምህር ተማሪዎቹን በእግር ሽርሽር ይዞ ሲጓዝ ኃይለኛ ዝናብ ያዘውና ሌሊቱን በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት፣ በጭድ ላይ አሳደራቸው። ያን ሌሊት አንድ ሐሳብ መጣለት። በዕረፍት ጊዜ ባዶ የሚቀሩት የትምህርት ቤት ክፍሎች ለምን ማደሪያ አይሆኑም? ከዚህ ሐሳብ የተነሣው የወጣቶች ማረፊያ ዛሬ በብዙ አገሮች ይገኛል። የተጀመረው በተዘጋጀ ገንዘብ ሳይሆን በቦታው በተገኘ ክፍል ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በተወለድኩባት ትንሽ ከተማ፣ ስሟን አልጠራም፣ ሕዝብ ለአዳራሽ መዋጮ አዋጥቶ ነበር። ግድግዳው ቆመ፤ ቆርቆሮው ግን የት እንደገባ አልታወቀም። ዛሬ ስለ መዋጮ ቢነሣ «እስቲ መጀመሪያ የቀድሞውን አሳዩን» ይባላል። ሕዝቡ ገንዘብ ቢያጣ ሌላ ዓመት ያገኛል፤ እምነቱን ካጣ ግን መልሶ ማግኘት ከባድ ነው። እንግዲህ ድጋፍ ለማግኘት የሚከተሉት ነጥቦች ሊታሰብባቸው ይገባል።

አንደኛ፣ ባለቤቱ አስቀድሞ ይታወቅ። የቦታው ወረቀት በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በእድር ወይም በተመዘገበ ማኅበር ስም መሆን አለበት። ይህ ሳይለይ አንድ ቋሚ እንጨት እንኳ ባይተከል ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ብቻ አይጠየቅ። ገንዘብ የሌለው ባሕር ዛፍ አለው። ባሕር ዛፍ የሌለው ጭድ ያመጣል። ጭድ የሌለው ጭቃ ይረግጣል። በአማርኛ ደቦ፣ በኦሮምኛ ዳቦ የምንለው ለዚህ ነው። ወቅቱም ይመረጥ። ክረምት ላይ ጭቃ ቢለጠፍ አይደርቅም። መዋጮውም ቡና ተለቅሞ ከተሸጠ በኋላ ቢሆን ለብዙው ቤተሰብ ይቀላል። ሐምሌ ላይ ጎተራው የተራቆተ ሰው ቢከለክል ንፉግ ተብሎ ሊታማ አይገባም።

ሦስተኛ፣ ሒሳቡ በአደባባይ ይለጠፍ። የገባው፣ የወጣው፣ የቀረው፣ የእንጨቱና የሚስማሩ ቁጥር ሳይቀር ልክ እንደዚህ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ይውጣ። ማንበብ ለማይችለውም በስብሰባ ይነበብለት። ገንዘብ ያዡና ሒሳብ ተቆጣጣሪው አንድ ሰው አይሁኑ።

አራተኛ፣ ቤቱ ካለቀ በኋላ በምን እንደሚኖር ከወዲሁ ይታሰብ። ብርድ ልብስ ይታጠባል፤ ቆርቆሮ ያፈሳል፤ ጠባቂ ደመወዝ ይፈልጋል። ማረፊያውና አዳራሹ አንድ ላይ ቢሠሩ የሚሻለውም ለዚህ ነው። አዳራሹ ለሠርግና ለስብሰባ ሲከራይ የሚገኘው ገቢ መክፈል ለማይችለው አስታማሚ አልጋ ይሸፍናል።

ውድ ጓደኞቼ፣ ነገ ተመርቀን በየወረዳው ስንመደብ በብዙ ቀበሌ «አስተማሪው ይጻፍልን» መባሉ አይቀርም። ቃለ ጉባኤውም መዝገቡም በእጃችን ይገባል። ያን ጊዜ ሒሳቡን በንጹሕ ከጻፍን ሕዝቡ ለሁለተኛውም ሥራ ይነሣል። ካበላሸነው ግን ከእኛ በኋላ የሚመጣው መምህር የሚሰማው ሰው አያገኝም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ሎሚውን የሚቆጥረው ግን ታማኝ ሰው መሆን አለበት።