የጋለ ብረት መመርመሪያ ሴንሰር አመራረጥ፦ ከቀጥቃጩ ዓይን እስከ ፒሮሜትር

በእንፍራንዝና በጎንደር ዙሪያ ገበሬው የሚጠቀምበት ማረሻ ብዙውን ጊዜ የቀጥቃጭ እጅ ሥራ ነው። ቀጥቃጩ ብረቱን በወናፍ በሚነፋ ከሰል ያግላል፤ የሙቀቱንም ልክ በቀለሙ ይለያል። ዘዴው ሳይንሳዊ መሠረት አለው። ብረት በጨለማ ሲታይ መቅላት የሚጀምረው በ525 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን፣ ሙቀቱ ሲጨምር ወደ ደማቅ ቀይ፣ ወደ ብርቱካናማ፣ ከዚያም ወደ ቢጫ ይለወጣል። ይሁን እንጂ በጥላ ደማቅ የሚመስለው ብረት በፀሐይ ብርሃን ደብዛዛ ሆኖ ይታያል። በዚህ ምክንያት ከልክ በላይ የጋለ ብረት የውስጥ ቅንጣቶቹ ስለሚያድጉ ተሰባሪ ይሆናል። ማረሻው በእርሻ ወቅት ድንጋይ ነክቶ ቢሰበር ገበሬው የሚያጣው ብረቱን ብቻ ሳይሆን የማይመለስ የዘር ቀን ጭምር ነው።

በዓይን ግምት ፋንታ መሣሪያ መጠቀም ረጅም ታሪክ የለውም። የዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል መድፍ በጋፋት በተሠራበት ዘመን የፈረንሳዊው ለ ሻተሊዬ ኦፕቲካል ፒሮሜትር ገና አልተፈለሰፈም ነበር፤ እርሱ የወጣው በ1892 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ችግሩ የመሣሪያ እጦት ብቻ ሳይሆን የምርጫ ጉዳይም ነው። ስለዚህ አስቀድሞ መመለስ ያለበት ጥያቄ የሚለካው ምንድን ነው የሚለው ነው፤ ሙቀት ነው፣ ቅርጽ ነው ወይስ ስንጥቅ?

ለምድጃ ውስጥ ሙቀት ኬ ዓይነት ቴርሞከፕል ርካሽና በቂ ነው። ለሚንቀሳቀስ የጋለ ክፍል ግን ንክኪ የማይፈልግ የኢንፍራሬድ ፒሮሜትር ያስፈልጋል። የፒሮሜትር ዋና የስሕተት ምንጭ ኢሚሲቪቲ የሚባለው የጨረር አመንጪነት መጠን ነው። ይህ መጠን ለተወለወለ ብረት ዝቅተኛ፣ በኦክሳይድ ቅርፊት ለተሸፈነ ብረት ከፍተኛ ነው፤ ቅርፊቱ በመዶሻ ሲራገፍም ወዲያው ይለወጣል። በፕላንክ ሕግ ሲሰላ፣ በ1000 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የኢሚሲቪቲ ግምት በ10 በመቶ ቢሳሳት፣ በ1 ማይክሮሜትር የሞገድ ርዝመት የሚሠራ መሣሪያ 11 ዲግሪ ያህል ብቻ ይስታል፤ በ10 ማይክሮሜትር የሚሠራው ግን ወደ 76 ዲግሪ ይስታል። በየሱቁ የሚገኙት ርካሽ የእጅ ቴርሞሜትሮች በአብዛኛው የሚሠሩት በ8 እና በ14 ማይክሮሜትር መካከል በመሆኑ ለዚህ ሥራ አይመከሩም። ጢስና አቧራ በሚበዛበት ስፍራ የሁለት ሞገዶችን ንጽጽር የሚወስደው ባለ ሁለት ቀለም ፒሮሜትር ይመረጣል፤ ኢሚሲቪቲው በሁለቱ ሞገዶች እኩል ካልሆነ ግን እርሱም ይስታል።

ቅርጽን ለመለካት የሌዘር ስካነር ጥቅም ላይ ይውላል። የጋለ ብረት ራሱ በብዛት የሚያመነጨው ቀይና ኢንፍራሬድ ጨረር ስለሆነ፣ ቀይ ሌዘር በዚያው ብርሃን ይዋጣል፤ በ450 ናኖሜትር አካባቢ ያለ ሰማያዊ ሌዘር ከጠባብ ማጣሪያ ጋር ሲሆን ግን በግልጽ ይለያል። ስንጥቅን በተመለከተ፣ የተለመደው አልትራሳውንድ የሚያስፈልገው ማገናኛ ቅባት በሙቀቱ ይተናል፤ የሴንሰሩ ክሪስታልም ኃይሉን ያጣል። አማራጮቹ በውኃ የሚቀዘቅዝ የኤዲ ከረንት ጥቅል፣ ኤሌክትሮማግኔታዊ አልትራሳውንድ ወይም እጅግ ውድ የሆነው የሌዘር አልትራሳውንድ ናቸው።

እነዚህ መሣሪያዎች ምርት ለሚደጋገምበት ፋብሪካ ዋጋቸውን ሊመልሱ ይችላሉ። ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ ማረሻ ለሚሠራ ቀጥቃጭ ግን የተሻለው ሴንሰር በሽቦ የተንጠለጠለ ማግኔት ሊሆን ይችላል። ብረት በ770 ዲግሪ አካባቢ በማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ ባሌስትራ ለማጠንከር ወደ ዘይት የሚነከረውም ከዚህ ነጥብ ጥቂት ከፍ ብሎ ነው። ማግኔቱ ፀሐይና ጥላ አይለይም፤ ኢሚሲቪቲም አያሳስተውም። በመሆኑም ትክክለኛ ምርጫ የሚባለው የመሣሪያው ውድነት ሳይሆን ለቀረበው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ አስተማማኝነት ነው።